ከመንገዱ በፊት የውሃው መስመር፦ ሀዋሳ ስትለማ ሐይቁና ረግረጉ የት ይግቡ?

ሀዋሳ ላይ የሐይቅ ዳር መሬት ዋጋው አይቀመስም። ሆቴሉም፣ ሪዞርቱም፣ ካፌውም ፊቱን ወደ ውሃው ማዞር ይፈልጋል። ከተማዋ በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ የቢሮና የመኖሪያ ቤት ፍላጎቱ ሌላ ጫና ጨምሯል፤ በዚህ ላይ የኮሪደር ልማቱ መጣ። ክርክሩም እንደተለመደው ሁለት ጫፍ ይዟል፤ አንዱ «ልማት ይቅደም» ይላል፣ ሌላው «ሐይቁ አይነካ»። በዚህ መልክ የተቀመጠ ክርክር አሸናፊ እንጂ መፍትሔ አይኖረውም፤ ማን እንደሚያሸንፍም ቀድሞ ይታወቃል።

ችግሩ ያለው ከልማትና ከጥበቃ የቱን እንምረጥ በሚለው ላይ ሳይሆን በፕላን አሠራሩ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የሚያርፈው የዋናው መንገድ መስመር ነው። ቀጥሎ ብሎኩ፣ ከዚያ ፓርሴሉ፣ ማለትም የእያንዳንዱ ባለይዞታ ቁራጭ መሬት፣ ይመጣል። በመጨረሻ ለግንባታ የማይመቸው ቁራጭ ሁሉ፣ ተዳፋቱ፣ የጎርፍ መውረጃው ጠርዝ፣ በከፍተኛ ኃይል መስመር ሥር ያለው መሬት፣ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ «ፓርክ» ይባላል። መጀመሪያ የሚሰመረው የውሃው መስመር ቢሆን ኖሮ የሆቴሉም የጉማሬውም ቦታ በአንድ ካርታ ላይ ይገኝ ነበር።

መውጫ የሌለው ሐይቅ

የሀዋሳ ሐይቅ ከ90 ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ስፋት አለው። አማካይ ጥልቀቱ 11 ሜትር ገደማ፣ ጥልቁ ቦታ ደግሞ ከ20 ሜትር በላይ ነው፤ ይህን ስናባዛው ወደ 1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውሃ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ አንድ ነው፣ ጥቁር ውሃ። በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ ግን የለውም። ውሃው የሚቀንሰው በትነትና ወደ ከርሰ ምድር በሚሰርገው ብቻ ነው።

ከዚህ ለፕላን ባለሙያ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ትነት የሚወስደው ንጹሑን ውሃ ብቻ ነው። አፈሩ፣ ከሳሙናና ከማዳበሪያ የሚመጣው ፎስፈረስ፣ ፕላስቲኩ፣ ከባድ ብረቱ እዚያው ይቀራል። ወራጅ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ቆሻሻዋን ለጎረቤት ታስተላልፍ ይሆናል፤ ሀዋሳ ግን የጣለችውን መልሳ የምታገኘው ራሷ ናት፣ ያውም በዓሣው በኩል። ሁለተኛ፣ መውጫ ስለሌለው ከፍታው እንደ ዝናቡ ይዋዥቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁ ሞልቶ ወደ ከተማዋ ገፍቶ ነበር፤ ዛሬ ሰው ምሽት ላይ የሚንሸራሸርበት በፍቅር ሐይቅ በኩል ያለው ከፍ ያለ ዳርቻም ይህንኑ ውሃ ለመመከት የተሠራ ግድብ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የኬንያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ ናይቫሻ፣ ናኩሩና ባሪንጎ፣ ሞልተው ሆቴልና ትምህርት ቤት አስለቅቀዋል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ዳርቻ የቆመ አጥር እንዳልሆነ ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የሐይቁ ጤና የሚወሰነው ከሐይቁ ዳር ብቻ አይደለም። ከከተማዋ በስተምሥራቅ ያለው ቸለለቃ ከ50 ዓመት በፊት 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ክፍት ውሃ ያለው ሐይቅ ነበር። ዛሬ ሣርና ቄጠማ የበዛበት ረግረግ ሆኗል። ከወንዶ ገነት አካባቢ ከፍታዎች የሚወርዱት ጅረቶች ደለላቸውን የሚያራግፉት እዚህ ነው፤ ከዚያ በጥቁር ውሃ በኩል ወደ ሀዋሳ ሐይቅ ይገባሉ። ቸለለቃ በደለል በተሞላ ቁጥር፣ አንዱ ጥግ ተቆፍሮ ለእርሻ ወይም ለግንባታ በተንጣፈፈ ቁጥር፣ ደለሉን የሚይዘው ቦታ እየጠበበ ጭቃው በቀጥታ ወደ ሐይቁ ያልፋል። ረግረግ ሲንጣፈፍ ውሃው ቦይ ይዞ መሄድ ይጀምራል፤ ቦዩ ደግሞ ራሱን እየቆፈረ ይጠልቃል፤ ሲጠልቅ የቀረውን ረግረግ ያደርቃል። አንድ ጊዜ ከተጀመረ በራሱ የሚቀጥል ሂደት ስለሆነ «ጥጉን ብቻ ነው የነካነው» የሚለው ክርክር አያስኬድም።

በዚሁ አቅጣጫ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጥሩም መጥፎም ትምህርት ይሰጣል። በ130 ሄክታር ላይ ያረፈው ፓርክ ገና ከመነሻው በቀን 11 ሚሊዮን ሊትር ፍሳሽ አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም፣ ወደ ውጭ ምንም ፍሳሽ እንዳይለቅ የታቀደ ማጣሪያ ተገንብቶለታል። ቅድመ ሁኔታው የተቀመጠው አምራቾቹ ከመግባታቸው በፊት ስለነበር ማንም «አሁን በጀት የለኝም» ሊል አልቻለም። ጉድለቱ የታየው ከአጥሩ ውጭ ነው። ፓርኩ 60 ሺህ ያህል ሠራተኛ ይይዛል ተብሎ ሲታቀድ የመኖሪያ ቤቱ ጉዳይ ከኋላ ቀረ። ሠራተኛዋ በዙሪያው ባሉ ሰፈሮች አንዲት ክፍል ለብዙ ሆና ትከራያለች፤ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው፤ ከሐይቁና ከረግረጉ አቅራቢያ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው። ለፋብሪካው ፍሳሽ የታሰበውን ያህል ለሠራተኛው ሽንት ቤት አልታሰበም ማለት ነው።

ባፈር ዞኑ ከየት ይለካል?

ባፈር ዞን የሚባለው በውሃውና በግንባታው መሀል ክፍት የሚተወው መሬት ነው። «ከሐይቁ ይህን ያህል ሜትር ግንባታ ክልክል ነው» የሚል መመሪያ ማውጣት ቀላል ነው። ጥያቄው ከየትኛው ሐይቅ ነው የሚለው ነው፤ ከበጋው ነው ወይስ ከክረምቱ?

የሀዋሳ ዳርቻ በብዙ ቦታ ለጥ ያለ ነው። ተዳፋቱ 2 በመቶ በሆነበት ቦታ ሐይቁ 1 ሜትር ከፍ ሲል ጠርዙ 50 ሜትር ወደ መሬቱ ይገባል። 1 በመቶ በሆነበት ደግሞ 100 ሜትር። በበጋ ወራት ከውሃው ጠርዝ 50 ሜትር ተለክቶ የተከለለ ባፈር ዞን እንግዲህ በአንድ እርጥብ ዓመት ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ውሃው ሲመለስ ደግሞ ሌላ ነገር ይከሰታል። አንዱ ባለይዞታ ሌሊት ሌሊት በሲኖትራክ ሙሌት አፈር ያስደፋል፤ የውሃው ጠርዝ ወደ ሐይቁ መሀል ይሸሻል፤ ባፈር ዞኑ ከውሃው ጠርዝ ስለሚለካ አብሮ ይሸሻል። የባፈር ዞኑ ርቀት በወረቀት ላይ ሳይጣስ መሬት ተፈጠረ ማለት ነው።

ስለዚህ መስመሩ የሚሰመረው በርቀት ሳይሆን በከፍታ ነው። ሐይቁ ለአሥርት ዓመታት ሲለካ የቆየ በመሆኑ በመዝገብ ከተያዘው ከፍተኛው መጠን ይነሳል፤ በዚያ ላይ ለማዕበልና ለመጠባበቂያ የሚሆን ከፍታ ይጨመራል። የተገኘው ቁጥር ከባሕር ጠለል በላይ በሜትር ይጻፋል። ቀያሹ ያንን ከፍታ ተከትሎ ዳርቻውን ዞሮ ይቀይሳል፤ ባፈር ዞኑም ከዚያ መስመር ወደ መሬት ይለካል። ከዚያ በኋላ ማንም አፈር ቢደፋ መስመሩ ንቅንቅ አይልም። መስመሩን የሚያመለክተው የኮንክሪት ችካል ኮኦርዲኔት፣ ማለትም ቦታውን የሚገልጸው ቁጥር፣ በመዋቅራዊ ፕላኑ (በከተማዋ አጠቃላይ ፕላን) ካርታ ላይ ብቻ ሳይሆን በአጎራባች ባለይዞታዎች ካርታ ላይም መስፈር አለበት። ካርታ ላይ ያልሰፈረ ችካል ሌሊት ይነቀላል፤ ጠዋት ማን ነቀለው ብሎ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው።

ስፋቱስ? ይህ በምንፈልገው ነገር ይወሰናል። ከጎርፍ ደለል ለማስቀረት በሣርና በቁጥቋጦ የተሸፈነ ከ10 እስከ 30 ሜትር ብዙ ይሠራል። ወፍ እንዲፈለፍል፣ ጉማሬ ወጥቶ እንዲግጥ ከተፈለገ ግን ያ አይበቃም፤ 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ለመላው ዳርቻ አንድ ወጥ ስፋት መወሰን ለአስተዳደር ይመቻል፤ ውጤቱ ግን ከተማው ውስጥ የማይፈጸም፣ ጥቁር ውሃ መግቢያ አካባቢ ደግሞ የማይበቃ ሕግ ነው። ከተማው ውስጥ ባሉት በአሞራ ገደልና በፍቅር ሐይቅ በኩል ጠባብ፣ በወንዙ መግቢያና በረግረጉ በኩል ሰፊ ማድረግ ይሻላል።

ፊላውን ማን ይፈልገዋል?

የኢንቨስትመንት ሰነዶች ላይ የሚታየውን የኮምፒውተር ሥዕል አስተውሉ። ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ ጀልባ፣ ዘንባባ፣ የሚያብለጨልጭ ንጣፍ። ፊላና ደንገል የሉበትም። ዕይታ ይጋርዳል ተብሎ መጀመሪያ የሚታጨደው ይኸው የዳርቻ እጽዋት ነው፤ ሐይቁ ላይ ብዙውን ሥራ የሚሠራው ግን እሱ ነው።

ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ እንውሰድ። ወንዱ ዕንቁላል መጣያውን የሚቆፍረው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ነው። ሴቷ ዕንቁላሉን በአፏ ይዛ ሁለት ሳምንት ገደማ ትቆያለች፤ ጫጩቶቹ ሲለቀቁ የሚሸሸጉት በእጽዋቱ ሥር ነው። ዳርቻው ተመንጥሮ በግንብ ሲተካ ይህ ሁሉ ይቀራል። አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የሚሸጠው ወጣት የዓሣው መጠን ለምን እንዳነሰ ሲጠየቅ መረቡ ስለጠበበ ነው ይላል፤ እውነቱን ነው፤ ግን የመራቢያው ቦታም ጠቧል።

ግንቡም ራሱ አይበረክትም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ወደ ዳርቻው ይገፋል። ፊላ ባለበት ቦታ ማዕበሉ እጽዋቱ ውስጥ ገብቶ ይሞታል። ቀጥ ያለ ግንብ ባለበት ግን ተመትቶ ይመለሳል፤ ሲመለስ የግንቡን እግር ይቦረቡራል። እግሩ ሲቦረቦር ከኋላ ያለው ሙሌት በድንጋዩ ክፍተት እየታጠበ ይወጣል፤ ከላይ ያለው ንጣፍ ይሰጥማል፤ ከዚያ ይሰነጠቃል። «ኮንትራክተሩ ሌባ ነው» ከማለት በፊት ዲዛይኑን ማየት ይገባል። ድንጋይ የግድ ከሆነ ጋደም ብሎ በተዳፋት ይሠራ፤ ከሥሩ ጂኦቴክስታይል፣ ማለትም ውሃ እያሳለፈ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ፣ ወይም በመጠን የተደረደረ ጠጠር ይግባ፤ የድንጋዩ መሀል ለእጽዋት ክፍት ይተው።

ሰው ውሃውን ማየቱ ደግሞ መብቱ ነው። ለዚህ ሁሉንም ማጨድ አያስፈልግም። በ100 ሜትር ዳርቻ ውስጥ 20 ሜትሩን ከፍቶ 80ውን መተው በቂ ዕይታ ይሰጣል። የእግረኛው መንገድ ወደ ውሃው መቅረብ ካለበት አፈር ደፍቶ ከመገንባት ይልቅ ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ስፋት ያለው የእንጨት ወይም የብረት መተላለፊያ በምሰሶ ላይ ማሳረፍ ይቻላል፤ ውሃውም ዓሣውም በሥሩ ያልፋል። ዋጋው ከግንቡ ጋር ሲነጻጸር የግንቡ የአምስት ዓመት ጥገና መደመሩ አይረሳ።

የጉማሬው ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ቀን ውሃ ውስጥ፣ በተለይም ወደ ጥቁር ውሃ መግቢያ አካባቢ፣ ይውላል። ማታ ይወጣና አንዳንዴ ኪሎ ሜትሮች ተጉዞ እስከ 40 ኪሎ ግራም ሣር ይግጣል። የሚሄድበት ጎዳና አንድ ነው፤ ለዓመታት የረገጠው። ያ ጎዳና በአጥር ሲዘጋ ጉማሬው አይቀርም፣ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ሌላው መንገድ የገበሬ በቆሎ ወይም የሪዞርት ግቢ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያለው ዜና የታወቀ ነው። የሐይቅ ዳር ፕላን ከመጽደቁ በፊት የጉማሬ መውጫዎች በበጋም በክረምትም ተለይተው ካርታ ላይ ይውጡ። በእነሱ ላይ ቢያንስ 30 ሜትር ያህል ክፍት ይተው፤ አጥር፣ ግንብና የመንገድ መብራት አይግባባቸው። በሌላው ዳርቻ ያለው መብራትም ወደ መሬት የሚያበራ፣ ቢጫ ቀለም ያለውና ዝቅ ያለ ቢሆን ለወፎቹም ለሌሊት ተመልካቹም ይሻላል።

በካሬ ሜትር የሚቆጠር አረንጓዴ

የአገራችን የከተማ ፕላን መርሕ 30፣ 30፣ 40 የሚባለው ነው፤ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶ ለግንባታ። በመርሕ ደረጃ የሚያስመሰግን ነው። ሪፖርት ላይ ግን አንድ ካሬ ሜትር የመንገድ አካፋይ ሣርና አንድ ካሬ ሜትር የዋርካ ጥላ እኩል ይቆጠራሉ።

የሀዋሳ ጉሬዛ ኑሮው ዛፍ ላይ ነው፤ ምግቡ ቅጠል ነው፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚሻገረው ቅርንጫፎች ሲገናኙ ነው። አሞራ ገደል አካባቢና በሐይቅ ዳር የቆዩ ግቢዎች ውስጥ እስካሁን የቆየው ሾላውና ዋርካው ስላለ ነው። ከመሀል ሦስት ትልልቅ ዛፍ ቢቆረጥና በምትኩ ሦስት መቶ ችግኝ ቢተከል ሪፖርቱ ላይ ትርፍ ነው፤ ለጉሬዛው ግን መንገድ ተቆረጠ። ዘንባባ ደግሞ ውበት ይሰጣል እንጂ ለጉሬዛ ቀለብም ድልድይም አይሆንም።

ዛፉ ሳይቆረጥም ይሞታል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ልብ አይባልም። ውሃና አየር የሚስቡት ሥሮች አብዛኞቹ ያሉት በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ስሌት አለ፦ የግንዱን ውፍረት (ዲያሜትሩን) በ12 ማባዛት። በሰው ደረት ከፍታ ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዋርካ እንግዲህ በዙሪያው በ9 ሜትር ተኩል ራዲየስ ውስጥ መቆፈር፣ አፈር መደልደል፣ ማሽን ማቆምና በኮንክሪት መሸፈን የለበትም። በኮሪደር ሥራ ላይ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። ግንዱን 1 ሜትር ያህል ክብ ትተው ዙሪያውን በገረጋንቲ ደልድለው፣ በሮለር ጠቅጥቀው ታይል ያነጥፋሉ። ዛፉ ወዲያው አይሞትም። ሁለት ሦስት ዓመት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ከዚያ ጫፉ መድረቅ ይጀምራል፤ በአምስተኛው ዓመት «አርጅቷል፣ ለሕዝብ አደጋ ነው» ተብሎ ይቆረጣል። የገደለው ንጣፉ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው አይኖርም። መፍትሔው ያን ያህል ውድ አይደለም፤ በሥሩ ክልል ውስጥ ቁፋሮው በእጅ ይሁን፣ ንጣፉ ውሃ የሚያሳልፍ ኮብልስቶን በአሸዋ ላይ ይሁን፣ የጠርዙ ድንጋይ መሠረት ሥር ባገኘበት ቦታ ይዝለል።

ሣሩም ወጪ አለው። በበጋ አንድ ሄክታር የተንከባከቡት ሣር በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ ይህ 50 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 50 ሺህ ሊትር ነው። አንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ይበቃዋል ብንል የ1 ሺህ ሰው ውሃ መሆኑ ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሣሩን በምን ውሃ እናጠጣለን የሚለው ከዲዛይኑ ጋር አብሮ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው።

ፓርኩ ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ የተሠራ እንደሆነ

በታቦርና በአላሙራ ተራሮች መሀል የተዘረጋች ከተማ ጎርፏ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ወደ ሐይቁ ነው። በአንድ ሄክታር ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 400 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። መሬቱ ሣርና ዛፍ ከሆነ ከዚህ ውስጥ 80 ያህሉ ብቻ ይወርዳል። አስፋልትና ጣሪያ ከሆነ 360ው ይወርዳል፤ የሞተር ዘይቱን፣ የፌስታሉን፣ የጓሮውን ፍሳሽ ይዞ። ልዩነቱ 280 ሜትር ኩብ ነው። ይህን ለመያዝ ግማሽ ሜትር ዝቅ ያለ 560 ካሬ ሜትር የሣር ቦታ ይበቃል፤ ከሄክታሩ 6 በመቶ የማይሞላ። አረንጓዴ ተብሎ ከተመደበው 30 በመቶ ውስጥ ይገኛል ማለት ነው፤ ተጨማሪ መሬት አይጠይቅም።

ሆኖም በከተሞቻችን አረንጓዴው ቦታ የሚሠራው ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ፣ በጠርዝ ድንጋይ ተከብቦ ነው። ውሃው ከአትክልቱ ወደ መንገዱ ይፈሳል፤ በማግሥቱ አትክልቱን ለማጠጣት ቦቴ ይመጣል። መገልበጥ ያለበት ይህ ነው። አረንጓዴው ከመንገዱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ የጠርዝ ድንጋዩ በየ10 ሜትሩ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይተውለት፤ መግቢያው ላይ አሸዋ የሚያስቀር ትንሽ ገንዳ ይሠራለት፤ ከመጠን በላይ ሲሞላ የሚወጣበት ቱቦ ይኑረው። የሚበላሸው ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፦ ገንዳው ክረምት ሳይገባ፣ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ፣ አይጠረግም። ማን እንደሚጠርገው በጀቱ ላይ ካልተጻፈ ባይሠራ ይሻላል፤ የደፈነ ገንዳ ውሃውን መልሶ ወደ ሱቅ ነው የሚልከው።

የተራሮቹ ነገር አጭር ነው። ድንጋይና ገረጋንቲ እየተፈለጠ የሚወጣበት ተዳፋት ሳይደለደልና ሣር ሳይለብስ የተተወ እንደሆነ ከታች የተሠራውን ገንዳ ሁሉ በአንድ ክረምት ይሞላዋል።

ሕጉ አለ፣ ቀዳዳውም አለ

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላንንና ከሥሩ የሚወጣውን የአካባቢ ልማት ፕላን ይደነግጋል፤ መዋቅራዊ ፕላኑ ለ10 ዓመት ያገለግላል፤ ሕዝብ ሳይመክርበት አይጸድቅም። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ግምገማውን በፕሮጀክት ብቻ አይገድበውም፤ የመንግሥት ፕሮግራምና ዕቅድም እንዲገመገም ይጠይቃል። በተግባር የሚፈጸመው የፕሮጀክቱ ግምገማ ብቻ ነው። አሥር ሪዞርት አሥር ጥናት ያቀርባል፤ እያንዳንዱ ጥናት «ተጽዕኖው ዝቅተኛ ነው» ይላል፤ እያንዳንዱም እውነቱን ሊሆን ይችላል። የአሥሩን ድምር የሚያይ ጥናት ግን የለም። ይህ የሚታየው የአካባቢ ልማት ፕላኑ ራሱ ሲገመገም ነው።

ጊዜውም ይስታል። ጥናቱ የሚታዘዘው ሊዙ ከተፈረመ፣ ዲዛይኑ ካለቀ፣ አንዳንዴም ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። ያን ጊዜ ባለሙያው «ቦታው አይሆንም» ሊል አይችልም፤ «ዛፍ ይተከል» ብሎ ይፈርማል።

አረንጓዴ ቦታ የሚጠፋበት የታወቀ መንገድም አለ። መጀመሪያ ለወጣቶች ማኅበር ጊዜያዊ ተብሎ ኮንቴይነር ይቀመጣል። ቀጥሎ ጥላ ይሠራል፣ ከዚያ ጠረጴዛ፣ ከዚያ አጥር። ሁለት ሦስት ዓመት ሲቆይ የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ይጠየቃል፤ «ቦታው አስቀድሞም ለንግድ እያገለገለ ነው» የሚለው ምክንያት ይቀርባል። ይህን ማቆም የሚቻለው ለውጥ የሚጠየቅበት አረንጓዴ ቦታ በዚያው ሰፈር እኩል ስፋት ያለው ምትክ አስቀድሞ ካልተከለለለት አይታይም የሚል መመሪያ ሲኖር ነው። ለሥራ አጡ ወጣት ደግሞ ሥራውን መከልከል ሳይሆን ሥራውን መቀየር ይቻላል፤ ፓርኩን የሚጠብቀው፣ ገንዳውን የሚጠርገው፣ ጀልባውን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ይሁን።

ዳርቻው ላይ የሚያርሰውና ከብት የሚያግጠው አርሶ አደርም አይረሳ። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ ከፍሎ ማስነሳት አንድ መንገድ ነው፤ ግን ሰው የለቀቀው ዳርቻ ጠባቂ የለውም፤ በጨረቃ ቤት ይሞላል። ይዞታውን ሳይለቅ ማረሱን ትቶ ሣር እያጨደ እንዲሸጥ፣ ከብቱን እንዲያስር መስማማት ርካሽም ዘላቂም ነው።

ሌላው ቀዳዳ የአስተዳደር ወሰን ነው። ሐይቁ የሲዳማም የኦሮሚያም ነው፤ ተፋሰሱም እንዲሁ። ሀዋሳ በኩል 100 ሜትር ተከልሎ ማዶው ላይ ምንም ካልተከለለ ባለሀብቱ ማዶውን ይመርጣል። የከፍታው ቁጥር አንድ ሆኖ ሁለቱም ክልል ሊቀበለው ይገባል፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ ጽሕፈት ቤት እዚሁ ከተማ ውስጥ ስላለ ቢያንስ የስብሰባ አዳራሽ አይጠፋም።

«ታዲያ ከተማዋ የት ትደግ?» የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። ወደ ቱላ በኩል በእንሰትና በቡና ማሳ ላይ መዘርጋትም ነጻ አይደለም። የሀዋሳ መሀል ሰፈሮች አሁንም ሰፋፊ ግቢ ውስጥ ያሉ አንድ ፎቅ የሌላቸው ቤቶች ናቸው፤ መሠረተ ልማቱ ደርሶላቸዋል፤ ወደ ላይ ማደግ የሚቻለው እዚያ ነው። ሐይቅ ዳር ግን ወደ ታች መቆፈር ራሱ ኪሳራ ነው። የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ ምድር ቤት ያለው ሕንፃ ዕድሜውን ሙሉ በፓምፕ ይኖራል፤ መብራት ሲጠፋ መኪና ማቆሚያው ገንዳ ይሆናል። የሊዝ ጨረታ ሰነድ ላይ ይህ ቢጻፍ አንዳንዱ ተጫራች ራሱ ወደ መሀል ከተማ ይመለሳል።

የአካባቢ ልማት ፕላን ለውይይት ሲቀርብ ነዋሪው ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ቀለሙ አይደለም። የሐይቁ መስመር ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ላይ ነው? የተለካው በየትኛው ወር ነው? ክረምቱ ወጥቶ፣ ጥቅምት ላይ ሐይቁ ከፍ ባለበት ካልሆነና በበጋው ማብቂያ የተለካ ከሆነ፣ ከመዝገቡ ከፍተኛ ቁጥር ጋር ተነጻጽሮ ይታረም። የጉማሬ መውጫዎቹና ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያላቸው ዛፎች በመነሻ ካርታው ላይ አሉ ወይ? ከሌሉ ፕላኑ ገና ለውይይት አልደረሰም፤ ቀያሾቹ ወደ ሜዳ ይመለሱ።